ቁልፍ ይዣለሁ

በዓል በመጣ ቁጥር ከከተማ ሳይወጡ የሚቀሩ ሰዎችን ልብ ብላችሁ አይታችኋቸው ታውቃላችሁ? ሁሉም ምክንያት አላቸው። አንዱ ተረኛ ነው፤ አንዷ ላሟ ልትወልድ ደርሳለች፤ ሌላው መኪና ያዞረዋል። ምክንያታቸው ሁልጊዜ ሙሉ ነው። ጠያቂውም ሁልጊዜ ቸኩሎ ነው የሚጠይቀው፣ አውቶቡሱ ሊሄድበት ነዋ። «አዬ፣ ምን ታደርጊዋለሽ!» ይልና ዘንቢሉን አንጠልጥሎ ይሮጣል። ምክንያቱ እውነት ይሁን ውሸት ቆሞ የሚመረምር የለም። በበዓል ዋዜማ ማን ሰው ይመረምራል?

እኔ ግን ተመርምሬያለሁ። ያውም በመንግሥት ኦዲተር።

ዓይን አፋር ነኝ፤ ይህን ወሬ በአፌ ለሰው ተናግሬው አላውቅም ማለት ይቻላል። አንድ ሰው ብቻ ያውቀዋል፣ እሱም ወድጄ ሳይሆን ተይዤ ነው። አሁን የምጽፈው ወረቀት ፊቴን አያይም ብዬ ነው። እናንተም ብትሆኑ እያነበባችሁ ቀና እያላችሁ አትዩኝ።

ሰቆጣ የገባሁት በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ደሴ ላይ ሒሳብ አያያዝ ተምሬ፣ የማዘጋጃ ቤት ሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ ነው። ትምህርት ቤት የተማርነው ሒሳብ ሁሉ የአንድ ነጋዴ ሒሳብ ነበር። ነጋዴው ወንበርና ጠረጴዛ በዱቤ ይገዛል፤ ሱቁን ያስፋፋል፤ በዓመቱ መጨረሻ ያተርፋል። ሰውየውን ወድጄው ነበር። ማዘጋጃ ቤት ስገባ ነጋዴዬ የለም። ያለው የፍየል ተራ ነው፣ የማር ተራ ነው፣ የቄራ ክፍያ ነው፣ የቦታ ኪራይ ነው፣ አጥሩን ወደ መንገድ ገፍቶ «የአባቴ ነው» የሚል ሽማግሌ ነው። ማዘጋጃ ቤት አያተርፍም። ብር ቢተርፈው እንኳ የሚያመሰግነው የለም፤ «ለምን ሳትሠሩበት ቀራችሁ?» ይባላል። ይህን ለመረዳት ብቻ አንድ ክረምት ፈጀብኝ።

የቀረውን ያስተማሩኝ አያ ኪሮስ ናቸው፤ ገንዘብ ያዡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮታቸውን በጋም ክረምትም የማያወልቁ ሰው ነበሩ። ብር ሲቆጥሩ ከንፈራቸው በአገራቸው ቋንቋ፣ በኽምጥኛ፣ ይንቀሳቀሳል፤ ድምሩን የሚናገሩት ግን በአማርኛ ነው። በመሀል ካናገራችኋቸው ከሁለቱም ቋንቋ ይጠፋባቸውና እንደገና ይጀምራሉ።

«ልጄ፣ የማር ተራን ብር መጨረሻ ላይ ቁጠሪው» አሉኝ በመጀመሪያው የገበያ ቀን።

«ለምን?»

«ንኪው።»

ነካሁት። ያጣብቃል። የዋግ ነጭ ማር ከሻጩ እጅ ወደ ብሩ፣ ከብሩ ወደ ቀረጥ ሰብሳቢው፣ ከቀረጥ ሰብሳቢው ወደ እኛ ይመጣል። ሁለት ኖት ተጣብቆ እንደ አንድ ያልፋችኋል፤ ከዚያ ጎደለ ትላላችሁ፤ ከዚያ ሰው ትጠረጥራላችሁ። እስከ ዛሬ ብር ስቆጥር ጣቴን አሸታለሁ።

ሁለተኛው ትምህርት የካዝናው ነበር። የብረት ካዝናው ሁለት ቁልፍ ነበረው፤ አንዱ ገንዘብ ያዡ ጋ፣ ሌላው ሒሳብ ሠራተኛዋ ጋ፣ ማለትም እኔ ጋ። አንዱ ያለ ሌላው አይከፍትም። አያ ኪሮስ ሁለተኛውን ቁልፍ በጥቁር ክር አስረው ሲሰጡኝ፣ «ብርን ከአንድ ሰው ጋር ብቻውን አናሳድረውም» አሉኝ። ይህን ያሉኝ አንዲት ክፍል ቤት ተከራይቼ ብቻዬን ማደር በጀመርኩባት ሳምንት ነው። ለብሩ ሁለት ሰው ተመድቦለታል። እኔ እንዳልተመደበልኝ አስተዋልኩ፤ ግን እንዲህ ያለው ነገር ለገንዘብ ያዥ አይነገርም። ክሩን አንገቴ ላይ አጠለቅሁት።

ቀጥሎ «ሁለትዮሽ» የሚሉት አመዘጋገብ መጣ። ድሮ አንድ ነገር አንድ ቦታ ይጻፋል፣ ያበቃል። አሁን ግን የገባው ሁሉ ከየት እንደመጣ፣ የወጣው ሁሉ የት እንደደረሰ፣ በሁለት ወገን ይጻፋል ተባለ። አንዱን ወገን ጽፋችሁ ሌላውን ባዶ ከተዋችሁት ሚዛኑ ሰኔ ላይ ያዋርዳችኋል። አያ ኪሮስ ይህን ሲሰሙ ኮታቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «እንግዲህ ሥራው ሁለት እጥፍ ሆነ፣ ደመወዙስ?» አሉ። እኔ ግን ቶሎ ነው የገባኝ። ምክንያቱም በዚያን ጊዜ እኔ ራሴ ሌላኛው ወገን የሌለው አንድ ነገር ይዤ እየተንከራተትኩ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በአከራዬ በእማማ ዝማም ነው። በገባሁ በሳምንቱ ውሃ ስቀዳ፣ «እናትሽ ደኅና ናት?» አሉኝ።

«ደኅና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ።

እናቴ ሞታለች። ትምህርቴን ልጨርስ ጥቂት ሲቀረኝ ሞተች። ወንድሜ ከዚያ በፊት ወደ ዓረብ አገር ወጥቶ ድምፁ ጠፍቷል፤ የነበርንበት የቀበሌ ቤት ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ታዲያ ለምን ዋሸሽ ትሉኛላችሁ። እማማ ዝማምን ስለማታውቋቸው ነው። እናቴ ሞታለች ብላቸው እንስራውን እዚያው ጥለው ደረታቸውን ይመታሉ፤ ጎረቤቱ ይሰበሰባል፤ «ይህች ልጅ ሐዘን ይዛ መጥታ ማንም ሳያስተዛዝናት!» ተብሎ ግቢው በለቅሶ ይሞላል፤ እኔ መሀል ላይ እቀመጣለሁ፤ ሁሉም ያየኛል። ሰው ሲያየኝ የምሆነውን አውቃለሁ። ደኅና ናት ማለት አጭር ነው። እንስራዬን ተሸክሜ ገባሁ።

ግን ደኅና የሆነች እናት ሌላም ወገን ትፈልጋለች። በማግስቱ «ታዲያ ስንት ልጅ አላት?» ይመጣል፤ በወሩ «ለምን አልመጣችም?» ይመጣል። ጉልበቷን ያማታል አልኩ። ጉልበቷ በየዓመቱ ባሰበት። እማማ ዝማም ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ «ለእናትሽ ጉልበት ጸለይኩ» ይሉኛል፣ እኔም «እግዜር ይስጥልኝ፣ ትንሽ ተሽሏታል» እላለሁ። ሴትየዋ በሕይወት ሳለች ጉልበቷን አሟት አያውቅም።

በዓል ሲመጣ ደግሞ «አትሄጂም ወይ?» አለ። እዚህ ላይ ነው አንገቴ ላይ ያለው ክር የደረሰልኝ።

«ቁልፍ ይዣለሁ።»

እንዴት ያለ መልስ ነው! አጭር፣ እውነት፣ መንግሥታዊ። ቁልፍ ያዥ እንዲሁ ተነስታ አትሄድም፤ ርክክብ አለ፣ ቆጠራ አለ፣ ቃለ ጉባኤ አለ፣ ሦስት ሰው መቸገር አለ። ሰፈሩ ሁሉ ማዘጋጃ ቤቱን ረገመልኝ። «ይህችን የመሰለች ልጅ በብረት ሣጥን አሰሯት!» አያ ኪሮስ እንኳ አንዳንዴ «ርክክብ እናድርግና ሂጂ እንጂ» ይሉ ነበር፤ «አያ፣ ሰው አላስቸግርም» ስላቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ይተዉታል። ፋሲካው እንዲህ አለፈ፣ ገናው እንዲህ አለፈ። የሚከብደኝ ሻደይ ነበር። በነሐሴ አጋማሽ ፍልሰታ ሲፈታ የዋግ ሴት ልጅ ከያለችበት ወደ አገሯ ትገባለች፤ ልጃገረዶቹ ወገባቸው ላይ ሻደይ የሚባለውን ረጅም ሣር አስረው፣ ከበሮ ይዘው በየግቢው ይጫወታሉ። እኛም መሥሪያ ቤት ይመጡ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ከኪሱ አውጥቶ ሲሸልማቸው አያ ኪሮስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «በዓመት አንድ ጊዜ ደረሰኝ የማይቆረጥለት ብር ይኸው ነው» ይላሉ። እስቃለሁ። ሁሉም ልጅ የማን ልጅ እንደሆነች ይታወቃል። እኔን «የካዝናዋ» ነበር የሚሉኝ።

እንዲህ እየሆነ ዓመታት ሄዱ፣ ኦዲተሩ እስኪመጣ ድረስ።

ከክልል ነው የመጣው፣ ሐምሌ ላይ፣ ሒሳብ በተዘጋ ሰሞን። ፀጉሩ የሸበተ፣ ሹራቡን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ምሳውን ብቻውን የሚበላ ሰው ነው። ደረሰኙን አየ፣ ባንኩን አስታረቀ፣ የቄራውን ገቢ ከታረደው በሬ ጋር አመሳከረ። ምንም አላገኘም። አያ ኪሮስ ደስ ብሏቸው ኮታቸውን ሊያወልቁ ጥቂት ቀራቸው። ከዚያ ሰውየው የእኔን የግል ማኅደር አስመጣ።

«እህት፣ አንቺ እዚህ ከገባሽ ጀምሮ የዓመት ፈቃድ ወጥተሽ አታውቂም።»

«አላውቅም።»

«ታታሪ ስለሆነች ነው!» አሉ አያ ኪሮስ፣ ሳይጠየቁ።

«አባቴ፣ ታታሪነት እኔም እወዳለሁ» አለ ሰውየው በለሆሳስ። «ግን እስካሁን የያዝኳቸው ሌቦች ሁሉ ታታሪዎች ነበሩ። ማልደው ይገባሉ፣ አምሽተው ይወጣሉ፣ ፈቃድ አይጠይቁም። ሌላ ሰው ቦታቸው ላይ ከተቀመጠ ጉዱ ስለሚወጣ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺን ምን ይዞሽ ነው?»

ለዓመታት ያዳነኝ መልስ ራሱ ከአፌ ወጣ። «ቁልፍ ይዣለሁ።»

ሰውየው ጻፈው። የማዘጋጃ ቤት ሒሳብ ሀሁ ነው እኮ፤ እኔም ተምሬዋለሁ፣ ፈተና ላይም መጥቶልኝ ነበር። ገንዘብ ወይም ቁልፍ የሚይዝ ሠራተኛ በየዓመቱ ፈቃድ ይወጣል፣ በሌለበት ይቆጠራል። ትምህርት ቤት ሳነበው ስለ ሌቦች የተጻፈ መስሎኝ በቀለም አሥምሬበት አልፌያለሁ። ስለ እኔ መሆኑን በምን ልወቅ?

ሰውየው የምደብቀው ነገር እንዳለኝ በትክክል አውቋል። የተሳሳተው ምን እንደሆነ ላይ ብቻ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ደንግጦ እዚያው ወሰነ፤ ከፍልሰታ መፍቻ በፊት ፈቃድ እወጣለሁ፣ ካዝናው በሌለሁበት ይቆጠራል። አልወጣም ብል ሌባ ነኝ። እወጣለሁ ብል፣ ወዴት? ይህን የሚጠይቅ አንድም ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ያውቀዋል፣ ደሴ ነዋ! ሥራ አስኪያጁ ኦዲተሩን «ለሻደይ ይቆዩልን እንጂ» ሲለው፣ ሰውየው ቦርሳውን እየዘጋ «ጋዝጊብላ ወረዳ ሥራ አለብኝ፣ ይጠብቁኛል» ሲል ሰምቻለሁ። ሰማሁ እንጂ አላዳመጥኩም። ያን ቀን የማዳምጠው የራሴን ልብ ነበር።

ርክክቡ የዋለው በገበያ ማግስት ነው። ቁልፌን የሚረከበው የሥራ አስኪያጁ ወኪል ቆጠረ፤ ጎደለ። ደግሞ ቆጠረ፤ አሁንም ጎደለ። ሥራ አስኪያጁ መስኮቱን አየ። አያ ኪሮስ እኔን ላለማየት ጣሪያውን አዩ፤ በእውነት ከሁሉም ያመመኝ የሳቸው ጣሪያ ማየት ነው። ድምፄ እንዴት እንደወጣ አላውቅም።

«የማር ተራውን… የማር ተራውን በውሃ እጃችሁን ታጥባችሁ ድገሙት።»

ወኪሉ ታጥቦ ደገመው። መሀል ላይ ሁለት ኖት እንደ ባልና ሚስት ተቃቅፈው ተገኙ። አያ ኪሮስ በኽምጥኛ የሆነ ነገር ብለው ሳቁ፤ እስከ ዛሬ ትርጉሙን አልነገሩኝም። ክሩን ከአንገቴ ሳወጣ አንገቴ ቀለለኝ። ደስ አላለኝም።

በነጋታው መናኸሪያ ስደርስ እማማ ዝማም ቀድመውኝ ቆመዋል፤ በቅል የተሞላ ቅቤ ይዘዋል። «ለጉልበቷ፤ እሳት ዳር ሆና ትቀባው።» አያ ኪሮስ በጣሳ ማር አመጡ። «ከማር ተራ ነው፣ ተከፍሎበታል» አሉ፣ ሰው እንዳይጠረጥራቸው። የሰው ማርና ቅቤ ታቅፌ፣ ወደሌለች እናቴ ተሳፈርኩ።

ጋዝጊብላ ላይ አውቶቡሱ ለቁርስ ቆመ። ወረድኩ፤ አልተመለስኩም። ረዳቱን «ዘመድ ጋ አድራለሁ» አልኩት። ደሴ ድረስ ሄጄ የሌላ ሰው በር ላይ ከመቆም ይኸው ይሻላል ብዬ ነው። በዚያ ላይ ማንም የማያውቀኝ አገር ነው አልኩ። የቆርቆሮ ጣሪያ ያላት አልጋ ቤት ክፍል ያዝኩ። ደጋ ነው፤ በነሐሴ ጉሙ ቤት ድረስ ይገባል። ለዳቦና ለሻይ ብቻ እየወጣሁ ተቀመጥኩ። ሰቆጣ ላይ ካዝናው እየተቆጠረ ነው፤ እኔ እዚህ ዝናብ እሰማለሁ። ክሩ የነበረበትን ቦታ በጣቴ ስፈልግ ራሴን አገኘዋለሁ።

ጾሙ የተፈታ ቀን የሻደይ ከበሮ ከደጅ ሲሰማ መቀመጥ አቃተኝና ወደ አልጋ ቤቱ ምግብ ቤት ወጣሁ። አንድ ሰው ብቻ አለ። ሹራቡን እስከ አንገቱ ቆልፏል።

ቀና አለ። ሰዓቱን አየ፣ እኔን አየ።

«ደሴ ቅርብ ናት ለካ» አለ።

ወንበር ስቤ ፊቱ ተቀመጥኩ። ከእኔ ቦታ ሆናችሁ አስቡት፤ ቁልፍ ያዥ፣ ለዓመታት ፈቃድ ያልወጣች፣ ካዝናዋ እየተቆጠረ ደሴ ሄድኩ ብላ መንገድ ላይ ተደብቃ ተገኘች። ይህን የሚሰማ ምን ይላል? እኔ ራሴ ኦዲተር ብሆን እጽፍባት ነበር። ስለዚህ ነገርኩት። ጠረጴዛውን እያየሁ፣ ከእንስራው ጀምሬ፣ ጉልበቷን፣ ቅቤውን፣ ሁሉንም።

«እናትሽ መቼ ነው የሞቱት?»

«ትምህርት ልጨርስ ስል።»

«ነፍስ ይማር» አሉ።

ከዚህ በኋላ «አሉ» ነው የምላቸው፤ እስካሁን «አለ» ስላቸው የቆየሁት ስለተናደድኩባቸው ነው። ነፍስ ይማር አሉ። ሰቆጣ ከገባሁ ጀምሮ ለእናቴ ይህን ቃል ያለላት ሰው አልነበረም፤ እንዴት ይኖራል፣ በሕይወት አቆይቻታለሁ። በዚያች ምግብ ቤት፣ ሰው ፊት፣ አለቀስኩ። ሰማይ አልተደፋም። እሳቸውም ደረት አልመቱም፣ ስኳሩን ብቻ ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

አፍንጫዬን ጠርጌ፣ ሌላ የምለው አጥቼ፣ «እርስዎስ ሥራው አላለቀልዎትም?» አልኳቸው።

«ካለቀ ሰንብቷል።»

«ታዲያ በዓሉን…»

ብርጭቋቸውን አዞሩት። «ቤት ያሉት ሥራ እንደበዛብኝ ነው የሚያውቁት።»

ከዚያ በላይ አልጠየቅሁም። የአያ ኪሮስን ማር አመጣሁ፤ በዳቦ በላን። የእማማ ዝማም ቅቤ የምግብ ቤቱ ባለቤት በሠራችው ሽሮ ላይ ገባ። ልጆቹ ከበሯቸውን ይዘው ሲገቡ ሁለታችንም ሸለምን፣ ያለ ደረሰኝ።

ልመለስ ስል አውቶቡሱ ድረስ ሸኙኝ። እጄን አዩ።

«ባዶሽን ነሽ?»

«አዎ፣ ለምን?»

«ማር ወጥቷል፣ ቅቤ ወጥቷል። ከዚያ ወገን ምን ገባ? እናት ማር በልታ ዝም አትልም። ይያዝብሻል።»

እውነታቸውን ነው! ሁለትዮሽ ቶሎ ገባኝ ብዬ የምኩራራው እኔ ረስቼዋለሁ። ወደ ክፍላቸው ተመልሰው በላስቲክ የተጠቀለለ ነጠላ አመጡ፣ ጥለቱ አረንጓዴ፣ እጥፋቱ ያልተፈታ።

«ለአከራይሽ። ከእናቴ ነው በያቸው።»

«ለማን ተገዝቶ ነው?»

«ከተገዛ ቆይቷል» አሉ።

ይህ መልስ አይደለም። እኔ እንዲህ ብመልስላቸው ይጽፉብኝ ነበር። ነጠላውን ተቀበልኳቸው።

ሰቆጣ ስገባ ቆጠራው ሳንቲም ሳይዛነፍ አልቋል፣ አስተያየቱ ተዘግቷል፣ ስሜ ነጽቷል። አያ ኪሮስ ክሩን አጠለቁልኝና «ማሩን ወደደችው?» አሉኝ። «የበላው ሁሉ ወዶታል» አልኳቸው፤ ይህቺ እውነት ናት። እማማ ዝማም ነጠላውን ሲያዩ እልል አሉ። በየእሑዱ ለብሰውት ይሄዱ ነበር፤ ያገኙትን ሁሉ አስቁመው ጥለቱን እያሳዩ፣ «ጉልበቷን እያመማት ገበያ ወጥታ የገዛችልኝ!» ይላሉ።

በዓመቱ ሌላ ኦዲተር መጣ። ማኅደሬን አየ፤ ፈቃድ ወጥታለች፣ ተመልሳለች፣ ደኅና ብሎ አለፈ። ሰው መሄዱ ይጻፋል እንጂ የት እንደደረሰ የሚያመሳክር የለም። እኔ ሰቆጣ እስከነበርኩ ድረስ በየነሐሴው ጋዝጊብላ ወረድኩ። ማር ይዤ፣ ፊት ለፊቴ አንድ ወንበር ትቼ። ሽማግሌው ኦዲተር ተመልሰው አልመጡም፤ ጡረታ ወጡ ሲሉ ሰማሁ። ነጠላው ለማን እንደተገዛ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አሁን ሌላ ከተማ ነው የምሠራው። እማማ ዝማም እዚያው ሰቆጣ ይኖራሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል ይባላል፣ ድሮም ማንበብ አይችሉም፣ ግን የሰው ወሬ ሲነበብላቸው ይወዳሉ። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ለሳቸው ለማንበብ የተቀመጥሽ ልጅ ካለሽ፣ አደራሽን፣ እንስራው ጋ ስትደርሺ ሳል ይያዝሽና ዝለይው። በቀጥታ ነጠላው ጋ ግቢ። እናቴ ሰቆጣ ላይ ገና በሕይወት አለች።